ኮረሪማ የገባበት ጢስ

በዚህ ሰመር መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ዳር የተዘረጋ የጎዳና ገበያ ልዘግብ ሄጄ ነበር። ሥራው ቀላል ነበር፤ ነጋዴዎቹ ስለ መኪና ማቆሚያ የሚያነሡትን ቅሬታ ሰምቶ፣ ከሌላው ወገን ጋር አመሳክሮ፣ አጭር ዜና ጽፎ መላክ። ባቡሩ ደወሉን እያቃጨለ ሲያልፍ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰውዬ የበርሜል ግሪሉን ክዳን አነሣ። ጢሱ ባቡሩ እስኪያልፍ የጠበቀ ይመስል ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ተሻገረ። መጀመሪያ ከሰል ላይ የሚንጠባጠብ ስብ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ሊያርር የደረሰ ስኳር፤ በመጨረሻ አፍንጫ የሚሰነፍጥ አቼቶ። ሰውዬው ብሩሹን ድስት ውስጥ እየነከረ የአሳማ ጎድን ይቀባ ነበር።

የማነጋግራት ባለሱቅ «እየሰማሽኝ ነው ወይስ እንደገና ልበለው?» አለችኝ።

እንደገና በይው አልኳት።

የአሳማ ጎድን ቀምሼ አላውቅም። ሽታውን ግን ከማውቃቸው ሽታዎች ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። እንዴት እንደማውቀው ነው የምነግራችሁ።

ከአዲስ አበባ ከመጣን ሁለተኛው ሰመር ነበር። የምንኖረው ሪችፊልድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ በረንዳችን የሚያየው ቆሻሻ የሚነሣበትን የኋላ መንገድና ከመንገዱ ማዶ ያሉትን ጋራዦች ነው። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብል ፈረቃ ስለምትገባ ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ሲመሽ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛዬ የደብተር እንግሊዝኛ ነበር፤ ጽሑፍ ላይ ደህና፣ አፍ ላይ ሲደርስ የሚሰበር።

ጓደኛዬ የምትኖረው ከኋላ መንገዱ ማዶ፣ ከአያቷ ጋር ነበር። የተዋወቅነው ትምህርት ቤት ባስ ስንጠብቅ ነው። ሰዎች አፌ ውስጥ ቃል ሲጠፋኝ ወይ ይጨርሱልኛል ወይ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷ ሁለቱንም አላደረገችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጀምር እስክጨርስ ቆማ የምትጠብቅ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች። ባሱ መጥቶ በሩ ተከፍቶ ሹፌሩ እያየን እንኳ ትጠብቀኝ ነበር። እናንተ ይህን እንደ ትንሽ ነገር ታዩት ይሆናል። በዚያ ዓመት ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበረም።

አያቷ በወጣትነታቸው ከአሜሪካ ደቡብ መጥተው፣ ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና በመጠገን የጨረሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ሆዳቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፤ ሲስቁ ድምፅ ሳይሆን ትከሻቸው ነው የሚስቀው። ሰመር ከገባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎድን ይጠብሳሉ። ጎድኑን ገልብጠው ከአጥንቱ ጀርባ ያለውን ስስ ሽፋን በወረቀት ፎጣ ይዘው ሲስቡት፣ ፕላስተር ከቆዳ ላይ ሲነሣ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ እያሰማ ከዳር እስከ ዳር ይላጣል። ከዚያ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ቡናማ ስኳር ያሹታል። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን ገፍተው ጎድኑን በሌላው ጎን ያስተኙታል፤ ክዳኑ ይዘጋል። ቀሪው ጊዜ የወሬ ነው። ሶሱ ከጎን በትንሽ ድስት ይንተከተካል፤ ጥቁር ሞላሰስ፣ ሰናፍጭ፣ አቼቶ፣ ሌላም እሳቸው የማይነግሩን ነገር።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሳልቀመጥ ነው የነገርኳቸው። «አሳማ አልበላም፤ በሃይማኖታችን አይበላም» አልኩ። ሳልሳሳት ልናገራቸው ከምችላቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነበር፤ ደረጃ ስወርድ ተለማምጄዋለሁ።

«በቆሎስ ትበያለሽ?» አሉኝ።

«እበላለሁ።»

«በቃ፣ ምን ችግር አለ ታዲያ?»

ነገሩ በዚሁ አለቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ በቆሎና ድንች ለብቻው በሌላ ትንሽ ግሪል ይጠበስ ነበር። ማንም ዳግመኛ አላነሣውም። እሳቸውም አልተቀየሙም። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህን ባለማወቅ የመጣ ነው።

ብሩሹን የሰጡኝ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሶስ መቀባት የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ቀድሞ ከተቀባ ስኳሩ ያርርና ይመራል። ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ ሸሸት ሲል በስሱ ይቀባል፤ ክዳኑ ይዘጋል፤ እንደገና ይቀባል። ሦስተኛው ሲደርስ ጎድኑ እንደ ተወለወለ እንጨት ያብረቀርቃል፤ በጣት ሲነካ ያዝ ያደርጋል። እኔ እጄ አይቸኩልም ነበር። አያቷ አጠገቤ ቆመው ይመለከቱኝና፣ «ይቺ ልጅ ሳትቀምስ እንዲህ ከቀባች፣ ብትቀምስ ኖሮ እኔ ሥራ ፈትቼ ነበር» ይሉ ነበር። ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ «አያቴ፣ አሥር ዓመት አብሬህ ኖሬ አንድ ቀን ብሩሽ አስነክተኸኝ ታውቃለህ?» ትላቸዋለች። «አንቺማ ድስቱን ትልሻለሽ» ነበር መልሳቸው። እንስቃለን። በዚያ ግቢ ውስጥ ስስቅ ቀልዱ ከገባኝ በኋላ ነበር እንጂ ሌሎቹን አይቼ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ከሥራ ቀድሞ ገባ። ከበረንዳ ላይ ተጣርቶ ሲያጣኝ ጢሱን ተከትሎ የኋላ መንገዱን ተሻገረ። እኔ ብሩሽ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አባቴ አያቷን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ሃው አር ዩ ሰር፣ ሃው ኢዝ ፋሚሊ» አለ። ወንበር ሲሰጡት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና፣ ልጄን ለሥራ ፈልጌያት ነው አለ። ፈገግታው አጥሩን እስክንወጣ ድረስ ፊቱ ላይ ነበር። መንገዱን ተሻግረን ደረጃው ሥር ስንደርስ ጠፋ።

«እጅሽ ላይ የነበረው ምንድን ነው?»

«ብሩሽ።»

«ምን ልትቀቢበት?»

«ጎድን።»

«የምን ጎድን?»

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ።

«የምን ጎድን ነው ያልኩሽ!»

«የአሳማ። ግን አልበላሁም አባዬ። እውነቴን ነው፣ ጣቴን እንኳ አልላስኩም። ቀባሁ እንጂ።»

«ቀባሁ እንጂ! ይሄ ደግሞ መልስ ሆነና! ነገ ቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ መሀል ስትቆሚ ነጠላሽ ምን ምን ሊል ነው? ሰው ምን ይለናል? አሜሪካ በገባ በዓመቱ ልጁን አሳማ አስጠበሳት አይሉኝም?»

«ጓደኛዬ ናት እኮ።»

«ጓደኛ ሞልቷል። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ግቢ እግርሽ እንዳይረግጥ።»

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«አንቺ ምንም አትበይ። የትልቅ ሰው ነገር በትልቅ ሰው ነው። ሄጄ በክብር አስረዳቸዋለሁ።»

አመንኩት። አባቴ ሰው ፊት ንግግር ያውቃል፤ ለሽምግልና የሚጠሩት ሰው ነበር። ከእኔ ስብርባሪ እንግሊዝኛ ይልቅ የእሱ ስብርባሪ ክብር እንደሚኖረው አሰብኩ። ስልክ አልነበረኝም። ዝም በይ ተብያለሁና ዝም አልኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጓደኛዬ በራችንን አንኳኳች። የከፈተው አባቴ ነው። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ በእንግሊዝኛ ሲያናግራት ድምፁን ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ፣ ደግ ድምፅ ነበር። ቃላቱ አልተሰሙኝም። «ኦኬ» ስትል ሰማሁ። ደረጃውን ስትወርድ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ አልመጣችም። በአባቴ መልስ እንደተረዳችና የእኛን ወግ አክብራ እንደተወችኝ ነው የቆጠርኩት። ትምህርት ሲከፈት ባስ ላይ እንገናኛለን ብዬ ቀን እቆጥር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። የአያቷ ጋራዥ ግቢውን ይከልለዋል፤ የሚታየኝ ከጣሪያው በላይ የሚወጣው ጢስ ብቻ ነው። ክዳኑ ሲነሣ ጢሱ ይወፍራል፤ ሲዘጋ ይቀጥናል። ከቀለሙ ሥጋው የት እንደደረሰ አውቅ ነበር። አሁን ሁለተኛው ቅብ ነው እላለሁ ለብቻዬ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ቅዳሜ ከሰዓትም መሥራት ጀመረ። «ቅዳሜ ኤርፖርቱ ይሞቃል» አለ። ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ይወጣል። ታክሲው ውስጥ የጥድ ሽታ ያለው አዲስ የመኪና ሽቶ አንጠለጠለ። እናቴ አንድ ቀን ፍሪጁን ከፍታ፣ «ይሄን አዋዜ የሚጠጣው ሰው አለ እንዴ?» ስትል ትዝ ይለኛል። አባቴ ወጥ ቤት ገብቶ የሚሠራው ነገር ቢኖር አዋዜ መለወስ ነበር፤ በርበሬው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሁሉም በላይ ኮረሪማ ይጨምራል። ኮረሪማውን ያበዛዋል እያለች እናቴ ትቆጣው ነበር። «እጄ ሰፊ ነው» ብሎ ይመልስላታል፤ በዚያም ቀን የመለሰላት እንዲሁ ነው።

ፍልሰታ ገባ። እናቴ ሥራ ናት፣ እኔ በረንዳ ላይ ድንች እልጣለሁ፣ ሆዴ ባዶ ነው። የጾመ ሰው አፍንጫ አይሳሳትም ይባላል፤ መባሉን እንጂ እውነት መሆኑን አላጣራሁም። ያን ቀን ግን የእኔ አልተሳሳተም። ክዳኑ ተነሣ፣ ጢሱ ወፈረ፣ ነፋሱ ወደ እኛ አመጣው። ስቡ አለ። ስኳሩ አለ። አቼቶው አለ። ከእነሱ ኋላ አንድ የማውቀው ሽታ መጣ፤ እዚያ ቦታ መሆን የሌለበት የቤታችን ሽታ። ኮረሪማ ነበር።

ድንቹን አስቀመጥኩ። በዚያ ሰፈር ኮረሪማ ያለው ቤት አንድ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሆኖ ደረጃውን ስወርድ ሌላ ማብራሪያ እፈልግ ነበር። ምናልባት አባቴ ሊያስረዳቸው በሄደ ቀን ስጦታ ሰጥቷቸው ይሆናል። ምናልባት እናቴ።

የአባቴ ታክሲ ከጋራዡ ጎን፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ መሀል ተጠግታ ቆማለች። ከበረንዳችን በማትታይበት በኩል።

የአጥሩ በር ክፍት ነበር። አባቴ የአያቷን ሽርጥ ታጥቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ብሩሽ በእጁ ይዞ ግሪሉ ፊት ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የአዋዜያችን ብልቃጥ ተከፍቶ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ አንድ ታሪክ ያወራ ነበር፤ በንጉሡ ጊዜ ይሁን በደርግ አላውቅም፣ ስለ አንድ አህያና ስለ አንድ ፖሊስ። ቤት ውስጥ አውርቶት አያውቅም። ቃል ሲጠፋው በብሩሹ አየር ላይ ይሥላል፤ አያቷ እስኪጨርስ ይጠብቁታል፤ ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አባቴም ሳቀ። አሜሪካ ከገባን ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ልቤ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መደሰት ነው። እውነቱ ይህ ነው። ለአንድ አፍታ አባቴ ሲስቅ አይቼ ደስ አለኝ።

ቀድማ ያየችኝ ጓደኛዬ ናት። ደረጃው ላይ፣ በፊት እኔና እሷ በምንቀመጥበት ቦታ ተቀምጣለች።

«ኦ! ዛሬ ጊዜ አገኘሽ?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አያቷ ግን ዞረው ክንዳቸውን ዘረጉ። «መጣሽልና! አባትሽን በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። ጥናት አለባት ይለኛል፤ ደግሞ የአገሯ ልጆች ጓደኞች አግኝታለች፣ እዚህ ከሽማግሌ ጋር ጢስ ውስጥ መቀመጥ ሰልችቷታል ይለኛል። አልፈርድብሽም። እኔም በአንቺ ዕድሜ ከሽማግሌ እሸሽ ነበር።»

ወደ አባቴ ዞርኩ። ብሩሹ ላይ ያለው ሶስ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል፤ አላየውም።

«ልጄ፣» አለኝ በአማርኛ፣ እየሳቀ፣ ለእነሱ ሰላምታ እንዲመስል አድርጎ፣ «እዚህ አይሆንም። ቤት እንነጋገራለን። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ማለት የነበረብኝን በእንግሊዝኛ ማለት እችል ነበር። አጭር ነው። እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው የከለከለኝ። ያን ያህል ቋንቋ በዚያ ጊዜ ነበረኝ፤ ቋንቋውን ያገኘሁትም እዚያው ግቢ ነው። አያቷ እንደተዘረጋ ክንዳቸውን ሳያጥፉ ያዩኛል። ጓደኛዬ እንደ ልማዷ ትጠብቀኛለች። የአባቴ ዓይን ደግሞ የአንድ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ዓይን አልነበረም፤ የሚለምን ሰው ዓይን ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ጥናት በዝቶብኝ ነው።»

«እሺ» አለች ጓደኛዬ። ተነሥታ ገባች። የወንፊት መረብ የተገጠመለት የቤቱ በር ከኋላዋ ተላተመ።

አባቴ ሽርጡን ፈትቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ አያቷን አመሰገነና ወጣን። ቤታችን መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር፤ እሱ ግን መኪና ውስጥ አስገባኝና የሰፈሩን ብሎክ እየዞረ ይነዳ ጀመር። ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ይላል።

«አልበላሁም» አለኝ በመጨረሻ። «ታቦት ምስክሬ ነው። ቀባሁ እንጂ።»

አፉ ውስጥ የገባው የእኔ ቃል መሆኑን ያወቀ አልመሰለኝም።

«የጠየቅሁህ መብላትህን አይደለም።»

«መጀመሪያ የሄድኩት እኮ ስለ አንቺ ላስረዳ ነው። በሩን ሲከፍትልኝ ‹ና ግባ ወንድሜ› አለኝ። ወንድሜ! እዚህ አገር ማን ብሎኝ ያውቃል? ወንበር አመጣ፤ ውኃ አመጣ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ ምግብህ ርኩስ ነው፣ ልጄ አንተ ቤት አትመጣም ልበለው? ምላሴ እንዴት ይታዘዘኛል? አንቺ ልጅ ነሽ። የልጅ ነገር ሰው አይቀየምበትም። ስለዚህ በአንቺ አሳበብኩ።»

«አባዬ፣ ያውቃሉ እኮ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ነግሬያቸዋለሁ። ምንም አላሉኝም። በቆሎ ጠበሱልኝ።»

መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። «ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«እና አልተቀየመም?»

«አልተቀየሙም።»

ብሎኩን አንድ ጊዜ ጨምሮ ዞረ። ከዚያ፣ «እሺ፣ አስተካክለዋለሁ» አለ። «ቀስ ብዬ፣ በጊዜው። አሁን ዞር ብዬ ብናገር ውሸታም መሆኔ ነው።»

አላስተካከለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን ግን አልተወም። ከዚያ ወዲያ ኤርፖርት ነኝ ብሎ አይዋሸኝም ነበር፤ ቁልፉን አንሥቶ ዓይኔን ሳያይ ይወጣል። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ጢሱ ከጣሪያው በላይ ሲወጣ ውስጥ እገባና የበረንዳውን በር እዘጋለሁ። ሙቀቱ ቢያፍነኝም እዘጋዋለሁ።

ትምህርት ሲከፈት ባስ መጠበቂያው ላይ አገኘኋት። ያን ጊዜ ልናገር ቆርጬ ነበር። ሌሎቹ ልጆች እስኪርቁ ጠብቄ፣ «ሰመሩን ሙሉ ልመጣ ፈልጌ ነበር፤ አባቴ ነው የከለከለኝ፤ አሳማ ስለምትጠብሱ» አልኳት። አንድ ቃል አልተሰበረብኝም።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አባትሽ በየሳምንቱ እኛ ቤት ነው። አሳማውን የሚቀባው ራሱ ነው። አንቺን ለምን ይከለክልሻል?»

እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እኔንም አላምነኝም ነበር። ያየችው ሁሉ ከእኔ ቃል ጋር ይጋጫል፤ ማስረጃው ሁሉ ለእሱ ይመሰክራል። በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ቃልና የታየ ነገር ሳመሳክር ኖሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን እውነት ይዤ እንደዚያ ባዶ እጄን የቆምኩበት ጊዜ የለም።

«አንቺ ራስሽ እኮ ነሽ ጥናት ነው ያልሽው፣ እዚያው ፊታችን» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ካልፈለግሽ አልፈለግሁም ማለት ይቻላል። አባትሽ ላይ አታላክኪ፤ እሱ ጥሩ ሰው ነው።»

ባሱ መጣ። እሷ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ። ዓመቱን በሙሉ እንደዚያው ሄድን። በቀጣዩ ሰመር እናቷ ወደምትኖርበት ስቴት ሄደች። አያቷ ሲሞቱ እኔ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ነበርኩ። አባቴ ቀብራቸው ላይ ተገኝቶ አልቅሷል፤ እናቴ በስልክ ስትነግረኝ፣ «ለአንድ የጎረቤት ሰው ይህን ያህል!» ብላ ተገርማ ነበር።

እናቴ አሁን የለችም። አባቴ ከእኔ ጋር ይኖራል። ጉልበቱ ደክሟል፤ አእምሮው ግን ሙሉ ነው። የነዳቸውን ታክሲዎች ታርጋ ሳይቀር ይነግራችኋል። ይህን የምለው ቀጥሎ የምነግራችሁን እርጅና ነው ብላችሁ እንዳታልፉት ነው።

ከገበያው የተመለስኩ ቀን ልብሴ ላይ ጢስ ነበር። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ «ምን ምን ትያለሽ?» አለኝ ከወንበሩ ቀና ብሎ።

«ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ጎድን የሚጠብስ ሰው ነበር።»

ፊቱ በራ። አጠገቡ እንድቀመጥ ወንበሩን ገፋልኝ። «የአሳማ?»

«የአሳማ።»

«ያ የሪችፊልዱ ሰውዬ ትዝ አይልሽም? ምን ዓይነት ሰው ነበር መሰለሽ! ሶሱ ጣፋጭ ብቻ ነበር፤ አዋዜ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ‹ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ያለዚህ ነገር እንዴት ኖርኩ› ይለኝ ነበር።» ሳቀ። ያን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጊዜ ነው የሰማሁት። «አሜሪካ ከመጣሁ ያን ሰመር የመሰለ አላየሁም። እውነቴን ነው የምልሽ። አንድም ቀን ሥጋውን አልቀመስኩም፤ ግን እንደዚያ ጠግቤ አላውቅም።»

አዳመጥኩት። ሊደርስበት ነው ብዬ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ፣ በራሱ መንገድ፣ ቀስ ብሎ ሊደርስበት ነው።

«አንቺ ግን» አለኝ፣ «አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልሽም። ሽማግሌው በየሳምንቱ ስለ አንቺ ይጠይቀኝ ነበር። ልጅቷም እንደዚያው። እኔ ምን እንደምላቸው እየጠፋኝ በአንቺ ፈንታ አፍር ነበር። ለምን ነበር ግን የማትመጪው?»

ፊቱን አየሁት። ለሥራዬ ስል የብዙ ሰው ፊት አይቻለሁ፤ አንድ ሰው ያልሆነውን ነገር ሆኗል ሲል የት ቦታ ላይ እንደሚታይበት አውቃለሁ። ቀስ ብዬ፣ በሚገባ ፈለግሁት። የአባቴ ፊት ላይ ምንም አልነበረም። የጠየቀኝ ለማወቅ ነው።

«አላስታውስም አባዬ» አልኩት።

ጥቂት አሰበ። ከዚያ እጄን አንሥቶ መዳፉ መሀል አኖረውና በሌላ እጁ መታ መታ አደረገው።

«ምንም አይደል» አለኝ። «ልጅ ነበርሽ።»

ይቅር አለኝ።